አውጉስት ፎን ቫሰርማን እና ስማቸውን የያዘው የደም ምርመራ

አውጉስት ፎን ቫሰርማን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1866 በባቫሪያ፣ ባምበርግ ከተማ ከአንድ አይሁዳዊ የባንክ ባለሙያ ቤተሰብ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕክምና ትምህርታቸውን በኤርላንገን፣ በቪየና፣ በሙኒክና በስትራስቡርግ ተከታትለው በ1888 ተመረቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሮበርት ኮኽ ይመራ ወደነበረው የበርሊን የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ገብተው በደም ውስጥ ስለሚገኙ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች መመራመር ጀመሩ። ከቪልሄልም ኮለ ጋር ያዘጋጁት ስለ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚያትት ሰፊ የማጣቀሻ መጽሐፍ በጊዜው የዘርፉ ባለሙያዎች ከእጃቸው የማይለዩት ነበር። ዝናቸው ከሙያው ክልል የወጣው ግን በ1906 ነው።

በዚያ ዘመን ቂጥኝ ከድሃ እስከ ባለጸጋ ያልማረው ቤት አልነበረም። የመጀመሪያው ቁስል ያለ ሕክምና ይደርቃል፤ በሽታው ግን ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ ልብን፣ አንጎልን ወይም በማኅፀን ያለን ፅንስ ያጠቃል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1905 በሻውዲንና በሆፍማን ተለይቶ ቢታወቅም፣ ምልክት የማይታይበትን ታማሚ የሚለይ መንገድ አልነበረም። ቫሰርማን ከአልበርት ናይሰርና ከካርል ብሩክ ጋር በመሆን ይህንን ክፍተት የሚሞላ የደም ምርመራ ይፋ አደረጉ።

አሠራሩ የቤልጅየሞቹን የቦርዴንና የዣንጉን ግኝት መሠረት ያደረገ ነው። በቂጥኝ ምክንያት ሞተው ከተወለዱ ሕፃናት ጉበት የተዘጋጀ ውሁድ ከተመርማሪው የደም ውሃና ከጊኒ ፒግ ደም ከሚገኘው ኮምፕሊመንት ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ይቀላቀላል። በደሙ ውስጥ የሚፈለገው አንቲቦዲ ካለ ኮምፕሊመንቱ ተይዞ ያልቃል። ቀጥሎ ለመበተን የተዘጋጁ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ይጨመራሉ። ኮምፕሊመንቱ ካለቀ ሕዋሳቱ ሳይበተኑ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣሉ፤ ይህም ፖዘቲቭ ይባላል። ካላለቀ ፈሳሹ ጠርቶ ይቀላል።

ብዙም ሳይቆይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ካርል ላንድስታይነርና ሌሎች ተመራማሪዎች ከጤነኛ እንስሳት ልብ የተዘጋጀ ውሁድም ያንኑ ውጤት እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ምርመራው የቂጥኝን ባክቴሪያ ለይቶ እንደሚይዝ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ በተግባር የሚይዘው በሌላ ምክንያትም ሊፈጠር የሚችል አንቲቦዲን ነበር። ወባ፣ የሥጋ ደዌ ወይም ሉፐስ ያለባቸው ሰዎች ቂጥኝ ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። በሌላ በኩል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ያለ እውነተኛ ታማሚ ነጻ ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

ለአንባቢያን ትኩረት እንዲሰጠው የምንፈልገው ክፍል ይህ ነው። የማንኛውም ምርመራ ብቃት በሁለት ነገሮች ይለካል፦ ታማሚውን ታማሚ ነው የማለት አቅሙና ጤነኛውን ጤነኛ ነው የማለት አቅሙ። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ከ100 ታማሚዎች 90ውን፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 95ቱን በትክክል የሚለይ ምርመራ እንውሰድ። አጠራጣሪ ቁስል ይዘው ወደ ክሊኒክ ከመጡ 10,000 ሰዎች ግማሾቹ ታማሚዎች ቢሆኑ፣ 4,500 ታማሚዎችና 250 ጤነኞች ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በእርግጥ ታማሚ የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ገደማ ነው።

ያው ምርመራ ለመጋባት ለተዘጋጁ፣ ምንም ምልክት ለሌላቸው 10,000 ሰዎች ይሰጥ፤ ከእነርሱም ታማሚዎቹ 1 በመቶ ብቻ ይሁኑ። ከ100 ታማሚዎች 90ው ይያዛሉ። ከ9,900 ጤነኞች ግን 495ቱ በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። ፖዘቲቭ ከሆኑት 585 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 15 በመቶ ገደማ ናቸው ማለት ነው። ጠርሙሱም፣ ውሁዱም፣ ባለሙያውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ተመርማሪው ሕዝብ ነው። የነጌቲቭ ውጤት ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ በክሊኒኩ ነጻ ከተባሉት 5,250 ሰዎች 500ው ታማሚዎች ሲሆኑ፣ ከተጋቢዎቹ መካከል ነጻ ከተባሉት 9,415 ውስጥ ያመለጡት 10 ብቻ ናቸው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አልነበረም። ኮነቲከት ከ1935 ጀምሮ ሁለቱም ተጋቢዎች የቂጥኝ የደም ምርመራ እንዲያደርጉ በሕግ ስታስገድድ፣ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶችም ተከተሏት። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሕክምና አርሴኒክና ባዜቃ ያለባቸውን መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ መውሰድን የሚጠይቅ ነበር። በስህተት ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ከመርዙ ጉዳት በተጨማሪ የእጮኛውን እምነትና መልካም ስሙን ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ቫሰርማንን መውቀስ አግባብ አይመስለንም፤ ለሕሙማን የተሠራን ምርመራ ለጤነኞች ያለ ማረጋገጫ ያዋሉት ሌሎች ናቸው።

ቫሰርማን በ1910 የመኳንንት ማዕረግ አግኝተው በስማቸው ላይ ፎን የሚለው ታከለ። በ1913 በበርሊን ዳሌም የካይዘር ቪልሄልም የሙከራ ሕክምና ተቋም ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም በሠራዊቱ ሕክምና አገለገሉ። ማርች 16 ቀን 1925 በበርሊን አረፉ። ከሞታቸው በኋላ፣ በ1928፣ የመንግሥታቱ ማኅበር በኮፐንሃገን ባዘጋጀው ጉባኤ ከተለያዩ አገሮች የመጡ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ተመሳሳይ የደም ናሙናዎችን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ መርምረው ውጤታቸውን አነጻጸሩ።

በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን በኒው ዮርክ ከበሬ ልብ ካርዲዮሊፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ አሮጌው ውሁድ ይሠራ የነበረው በዚሁ ንጥረ ነገር አማካይነት ነበር። በአገራችን የጤና ተቋማት የሚታወቀው ቪዲአርኤልም በካርዲዮሊፒን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የቫሰርማን ምርመራ ዘር ነው፤ ወባን ጨምሮ በሌሎች ምክንያቶች ፖዘቲቭ የመሆን ባሕርዩንም ወርሷል። ያንኑ ምርመራ መድገም ይህን ስህተት አያርመውም፤ ስህተቱን ያመጣው አንቲቦዲ በሁለተኛው ጊዜም እዚያው ደም ውስጥ ነውና። የሚያስፈልገው በሌላ መንገድ የሚሠራ፣ የባክቴሪያውን አንቲቦዲ የሚፈልግ ምርመራ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው 585 ሰዎች ከ100 ታማሚዎች 90ውን፣ ከ100 ጤነኞች 99ኙን በትክክል በሚለይ እንዲህ ባለ ሁለተኛ ምርመራ ቢያልፉ፣ ፖዘቲቭ የሚሆኑት 86 ያህል ይሆናሉ፤ ከእነርሱም 81ዱ በእርግጥ ታማሚዎች ናቸው። ለነፍሰ ጡር እናት ግን ሕክምናው ቀላል፣ በፅንሱ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ከባድ በመሆኑ፣ የማረጋገጫው ውጤት የሚዘገይ ከሆነ የፔኒሲሊን ሕክምናው በመጀመሪያው ውጤት ብቻ ይጀመራል።