የብሩስ ሊ ዓይን

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ የእሱ ስለሆነ እኔም ሳልወድ በግዴ «ድራጎን ቦል ሱፐር፡ ብሮሊ» የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን አብሬው አየሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ፊልም ነው። ሰው እንደ አሞራ ይበራል፣ ተራራ ይናዳል፣ የጀግናው ፀጉር ድንገት ወደ ወርቅማ ቢጫ ተቀይሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። (ልጁ ይህን ሁሉ ጉድ ቆሎ እየቆረጠመ በእርጋታ ነው የሚያየው።) እኔን ያስደነገጠኝ ግን ፀጉሩ ሳይሆን ዓይኑ ነው። ይህን አስተያየት የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ነገሩን ሳጣራ አልተሳሳትኩም። የድራጎን ቦል ፈጣሪ አኪራ ቶሪያማ (እ.ኤ.አ. በ2024 አርፏል) የዚያን ባለ ቢጫ ፀጉር ጀግና ሰውን ባለበት የሚያደርቅ አስተያየት የወሰደው ከብሩስ ሊ መሆኑን በሕይወት ሳለ ተናግሮ ነበር።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ገበዝ ማርያም ነው። ለእኛ ከተማ ማለት ፍኖተ ሰላም ነበረች። ለገበያ የተላክሁ ቀን ከገበያው ጀርባ ካለች አንዲት የጭቃ ቤት ሳልገባ አልመለስም። ውስጧ ጨለማ ነው፤ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ አሏት። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ሲሆን፣ በሩ ላይ ደረቱን የተቧጨረ እርቃነ ሥጋ ሰው ከነዓይኑ ተለጥፏል። ፊልሙን የሚተረጉምልን ጎረምሳ እንግሊዝኛም ቻይንኛም አያውቅም፤ የሚተረጉመው ከተዋንያኑ ፊት ላይ እያነበበ ነው። በእሱ ትርጉም መሠረት የብሩስ ሊ ፊልሞች ሁሉ የደም መመለስ ታሪኮች ናቸው። (ኋላ ላይ ሳያቸው ብዙም እንዳልተሳሳተ ገባኝ።)

ብሩስ ሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1940 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበር፤ ከቡድኑ ጋር አሜሪካን እየዞረ ሳለ ነው ልጁ የተወለደለት። ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ በመጋቢት 1941 ቡሬ ከጣሊያን እጅ ወጣች፣ ጦሩም በእኛው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ዘለቀ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ሕፃኑን ይዞ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። በታኅሣሥ ደግሞ የጃፓን ጦር ሆንግ ኮንግን ያዘ። እኛ ከወራሪ ስንገላገል እነሱ ተያዙ ማለት ነው። እስከ 1945 ክረምት ድረስ የልጁ ዓለም ይኸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የአባቱ ሙያ ልጁን ገና በጠዋቱ ካሜራ ፊት አቆመው። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሃያ በሚጠጉ ፊልሞች ተጫውቷል፤ የሆንግ ኮንግ ሰው ያወጣለት የፊልም ስምም «ትንሹ ዘንዶ» የሚል ነው። ከካሜራው ውጪ ግን የመንደር ድብድብ የማያልቅበት፣ ትምህርት ቤት ያስቸገረ ልጅ ነበር። ዪፕ ማን ዘንድ የሄደው በዚህ ጊዜ ነው።

ዪፕ ማን ኮሚኒስቶች ቻይናን ሲይዙ ሀብታቸውን ጥለው ሆንግ ኮንግ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። የቀራቸው ሀብት ዊንግ ቹን የተባለው የእጅ ጥበብ ብቻ ስለነበር እሱን እያስተማሩ ይኖሩ ነበር። እዚህ ላይ አያቴ ትዝ ይሉኛል። አያቴ በልጅነታቸው አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ እየታገሉ፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃምን ከመምህር መምህር የዞሩ ሰው ነበሩ። የአንዱ የኔታ ተማሪ የሌላውን የኔታ መንገድ ሲሰማ ፊቱን እንደሚያጠቁር ይነግሩን ነበር። ሆንግ ኮንግም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስልት፣ የራሱ ምስጢር አለው። የብሩስ ሊ እናት የአውሮፓ ደም ስለነበረባቸው፣ ይህን ያወቁ አንዳንድ ተማሪዎች ምስጢሩ ለሙሉ ቻይናዊ ብቻ ነው ብለው አብረውት ለመለማመድ እንዳልፈለጉ ይነገራል።

ቤተሰቡ ድብድቡ ቢያሳስበው እ.ኤ.አ. በ1959 መርከብ ላይ አሳፍሮ ወደ አሜሪካ ሰደደው። (ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ሻምፒዮን ሆኗል፤ እግሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው አይገርመውም።) ሲያትል ውስጥ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ እዚያው እየኖረ ተማረ፤ በ1961 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ሳይጨርስም ወጣ። እኔ ከሁሉ የማደንቀው የዚህን ጊዜ ሥራውን ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ በደሙ ምክንያት ፊት የተነሳው ልጅ፣ አሜሪካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው ሰው ጄሲ ግሎቨር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጩም ጃፓናዊውም መጣ፤ ማንንም ዘሩን ጠይቆ አልመለሰም። ከተማሪዎቹ አንዷ የነበረችውን ሊንዳ ኤመሪን በነሐሴ 1964 አገባ፤ ነጭ በመሆኗና እሱ ቻይናዊ በመሆኑ እናቷ ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር።

ወደ ኦክላንድ ከተዛወረ በኋላ ዎንግ ጃክ ማን ከተባለ ሌላ ባለሙያ ጋር በዝግ በር ተጋጠመ። ማን አሸነፈ፣ በስንት ደቂቃ የሚለው ዛሬም ያጨቃጭቃል፤ ሁለቱም ወገን የየራሱ ምስክር አለው። ብሩስ ሊ ግን ከዚያ ግጥሚያ በኋላ በራሱ አልረካም፤ የተማረው ስልት አሥሮ ይዞኛል ብሎ አመነ። ቦክስንም፣ የሻሞላ ፍልሚያንም፣ ሌላውንም እየበረበረ የራሱን መንገድ ሠራ፤ ስሙንም ጂት ኩን ዶ አለው። አያቴ ቢሰሙ ወይ እጅግ ይደሰቱ ነበር፣ ወይ ይራገሙት ነበር።

ሆሊውድ እጁን እንጂ ፊቱን አልፈለገውም። ከ1966 እስከ 1967 በታየው «ዘ ግሪን ሆርኔት» ተከታታይ ፊልም የጀግናው ሾፌርና ረዳት ሆኖ ጭንብል አድርጎ ሠራ፤ ከአንድ ወቅት በኋላ ቆመ። በ1970 ክብደት ሲያነሳ ጀርባውን ተጎዳ፣ ሐኪሞችም ከእንግዲህ ያን እርግጫ እርሳው አሉት። ለወራት አልጋ ላይ ውሎ ማስታወሻ ጻፈ። ይህ ማስታወሻ ከሞተ በኋላ በ1975 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ከአልጋው ተነሥቶ እርግጫውንም መለሰው፤ ነገር ግን ይመኘው የነበረውን በ«ኩንግ ፉ» ተከታታይ ፊልም ውስጥ የቻይናዊ መነኩሴን ቦታ ያገኘው ዴቪድ ካራዲን የተባለ ነጭ ነው።

ስለዚህ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። እዚያ ሲደርስ ሕዝቡ የሾፌሩን ተከታታይ ፊልም በሾፌሩ ስም እየጠራ ሲያይ ከርሟል! በ1971 «ዘ ቢግ ቦስ»፣ በ1972 «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» እና ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው «ዌይ ኦፍ ዘ ድራጎን» ተከታትለው ወጡ፤ የገቢ ክብረ ወሰን እየተሰበረ ሄደ። በ«ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ውስጥ ጠላቶቹ ጃፓኖች ናቸው፤ ቻይናውያንን የሚያዋርድ የጃፓኖች ጽሑፍ ፊታቸው ላይ ይሰባብራል። ዓይኑን በሥዕል ያስቀሩት የዚያችው ጃፓን ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል።

በመጨረሻ ሆሊውድ ራሱ መጥቶ «ኤንተር ዘ ድራጎን»ን አብሮት ሠራ። በግንቦት 1973 የድምፅ ሥራ ላይ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ አንጎሉ አብጦ ተገኘ፣ ተረፈ። ሐምሌ 20 ቀን በአንዲት ተዋናይት ቤት ራስ ምታት ይዞት የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ተኛ፤ አልነቃም። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የታየው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ተርጓሚያችን ግን ጠላቶቹ ከቀናት በኋላ የሚገድል ምስጢራዊ ምት መትተውት ነው ብሎ በመሐላ ነግሮን ነበር። ይህ ወሬ ዓለምን የዞረ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሆንግ ኮንግ ምርመራ መድኃኒቱ አልተስማማውም አለ፤ በ2022 ደግሞ የኩላሊት ሐኪሞች ሰውነቱ ትርፍ ውኃ ማስወጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል የሚል ጥናት አወጡ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያትል የሚኖር ያጎቴ ልጅ ሌክ ቪው ወደሚባለው መካነ መቃብር ወሰደኝ። የአባትየው ድንጋይ ቀላ ያለ ነው፤ ፎቶው አለበት። አጠገቡ ልጁ ብራንደን አለ። ብራንደን በ1993 «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ባዶ ነው ከተባለ ሽጉጥ በወጣ ነገር ተመትቶ ሞተ፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሰዎች አበባና ሳንቲም ትተዋል። እኔም ኪሴን ስፈትሽ ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣ አንድ ሃምሳ ሳንቲም አገኘሁ። ያጎቴ ልጅ የመኪና ማቆሚያው ሰዓት አልቋል እያለ ሲያጣድፈኝ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ።