ሠዓሊው ማክስ ሊበርማን እና መልኩ የተለወጠው ልጅ

በዛሬው ጽሑፋችን የታላቁን አይሁዳዊ ሠዓሊ የማክስ ሊበርማንን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊበርማን በ1847 በጀርመን አገር፣ በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረው ሀብታም አይሁዳዊ ነበር። የመኖሪያ ቤታቸውም በከተማይቱ መካከል፣ የብራንደንቡርግ በር በሚባለው ታላቅ በር አጠገብ ነበር። ወጣቱ ማክስ የኬሚስትሪ ትምህርት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ልቡ ከሥዕል አልወጣ ስላለ፣ በመጨረሻ ወደ ቫይማር ከተማ ሄዶ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ።

በ1872 ያጠናቀቀው የመጀመሪያ ትልቅ ሥዕሉ የዝይ ላባ የሚነጩ ድሆች ሴቶችን የሚያሳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ትልቅ ሥዕል የሚባለው የነገሥታትና የጦርነት ሥዕል ስለ ነበር፣ ተቺዎች አስቀያሚ ነገር የሚሥል ሰው ነው ብለው ስም አወጡለት። እርሱ ግን ወደ ሆላንድ እየሄደ የድሮ ታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እያየ ይማር ነበር። በ1876ም በሃርለም ከተማ የፍራንስ ሃልስን ሥዕሎች እየቀዳ እጁን አፍታታ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። በክርስቲያኖች ወንጌል እንደሚተረከው፣ ኢየሱስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ይጠይቅ ነበር። ይህን ታሪክ ዱረርና ሬምብራንትን የመሳሰሉ የጥንት ሠዓሊዎች ሠርተውታል። ሊበርማን ግን በራሱ ዘመን ዓይን እንደ ገና ሊሥለው አሰበ። በአምስተርዳምና በቬኒስ ያያቸውን ምኩራቦች መነሻ አድርጎ፣ ልጁን እንደ ማንኛውም የድሀ አይሁዳዊ ልጅ ሣለው። ልጁ እግሩ ባዶ ነው፤ ፀጉሩ ጥቁርና ያልተበጠረ ነው፤ ሲናገርም እጁን ያወናጭፋል።

ሥዕሉ በ1879 በሙኒክ ከተማ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ከፍተኛ ቁጣ ተነሣ። ካህናትና ጋዜጦች ሥዕሉ ሃይማኖትን ይሰድባል አሉ። አይሁዳዊ ሆኖ ይህን መሣል አልነበረበትም የሚሉም በዙ። በ1880 ነገሩ በባቫሪያ ምክር ቤት እንኳ ክርክር አስነሣ። አስቡት፤ አንድ ልጅ አይሁዳዊ ሆኖ ስለ ተሣለ የአገር ምክር ቤት ተሰበሰበ! ሥዕሉ ግን የተናገረው እውነት ነበር፤ ታሪኩ የአይሁድ ልጅ ታሪክ ነውና።

ሊበርማን በመጨረሻ ብሩሹን አንሥቶ ሥዕሉን አረመው። ለልጁ ረዘም ያለ ልብስ አለበሰው፤ ጫማ አደረገለት፤ ፀጉሩንም አርዝሞ ነጣ ያለ አደረገው። ዛሬ በሃምቡርግ ሙዚየም የሚታየው ይህ የታረመው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ምን ይመስል እንደ ነበር የምናውቀው በእጅ ከሣለው ንድፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ዝናው እያደገ ሄደ። በ1898 ባልደረቦቹ ከመንግሥት ኤግዚቢሽን ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ እርሱ መሪያቸው ሆነ። በ1920 የፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ 12 ዓመት አገለገለ። በ1927፣ 80 ዓመት ሲሞላው፣ በርሊን የክብር ዜጋዋ አደረገችው። እንግዲህ ጀርመን ነኝ ብሎ ያምን የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ሊበርማን ሥነ ጥበብ ከዘርና ከፖለቲካ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ከአካዳሚው ወጣ። ሥራዎቹም ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። በዚያው ዓመት በቴል አቪቭ ለነበሩት ለገጣሚው ቢያሊክና ለከንቲባው ዲዘንጎፍ ደብዳቤ ጻፈ። ከጀርመኖች ጋር አንድ የመሆን ሕልሙ ከንቱ እንደ ነበረ፣ ከዚያም ሕልም እንደ ነቃ ገለጸላቸው። ነገር ግን ዕድሜው 86 ሊሞላ ስለ ነበር አገር ለመቀየር አቅም አልነበረውም። በዛሬዋ ቴል አቪቭ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም በተጠሩት ጎዳናዎች ስትሄዱ ይህን ደብዳቤ አስታውሱ።

ያ ሁሉ ሰው ያከብረው የነበረ ሠዓሊ በየካቲት 1935 ሞተ። ባለቤቱ ማርታ በ1943 ወደ ቴሬዝየንሽታት ካምፕ እንድትወሰድ ትእዛዝ ሲደርሳት፣ በ85 ዓመቷ የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ ሞተች።

ውድ አንባቢያን፣ ሊበርማን የልጁን ፀጉር ቢለውጥም ጠላቶቹ አልተዉትም። መልክን ለሌሎች ደስታ መለወጥ ሰላም እንደማይገዛ ሕይወቱ ያሳየናል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሙዚየም ስትሄዱ ይህን ታሪክ ንገሯቸው።