ፍሪትዝ ዝዊኪና የጎደለው ክብደት

የሰማይ ሊቃውንት አጥብቀው ከሚፈልጉት ከጨለማ ቁስ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ ሊቅ ፍሪትዝ ዝዊኪ ነው። ዝዊኪ በ1898 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከስዊስ አባት በቡልጋሪያ ወደብ በቫርና ተወለደ። በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ስዊስ ተልኮ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተማረ። በ1922 ዶክተር የተባለበት ጥናት ግን ስለ ከዋክብት ሳይሆን እንደ ጨው ስላሉ ክሪስታሎች ነበር። በ1925 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርንያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥራ ያዘ፤ ዐይኑንም ወደ ሰማይ አነሣ።

በ1933 ኮማ የተባለውን የጋላክሲዎች መንጋ መረመረ። የጋላክሲዎቹ የፍጥነት ልዩነት በሴኮንድ 1000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኘ። ከብርሃናቸው የሚገመተው ክብደት ግን እንዲህ የሚከንፉትን በስበት አስሮ ለመያዝ ፈጽሞ አይበቃም፤ መንጋው ገና ድሮ በተበተነ ነበር። ስለዚህ የማያበራ፥ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበ፤ ስሙንም ጨለማ ቁስ አለው። መጠኑን ከሚታየው 400 እጥፍ አድርጎ ገመተ። የዚያን ጊዜ የርቀት ስሌት የተሳሳተ ስለ ነበር ቁጥሩ ከልክ አልፏል፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር።

ይሁን እንጂ ለአርባ ዓመት ያህል ነገሩን ከቁም ነገር የቈጠሩት ጥቂቶች ናቸው። ዝዊኪም አንደበቱ መራራ ስለ ነበር ባልደረቦቹ ይሸሹት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሳይንስ መጻሕፍትና መጽሔቶች እየሰበሰበ ጦርነት ላጠፋቸው ቤተ መጻሕፍት የላከ ይኸው ቁጡ ሰው ነው። በ1974 ሞተ። በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት ቬራ ሩቢንና ጓደኞቿ የጋላክሲዎችን መሽከርከር ለክተው ክብደት እንደሚጎድል ሲያሳዩ ብዙዎች አመኑ።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ቁስ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ከቀረቡት ዘዴዎች አንዱ በግራፊን መጠቀም ነው። ግራፊን በጽሕፈት እርሳስ ውስጥ ከሚገኘው ከግራፋይት የሚላጥ፥ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ቅጠል ነው፤ በ2004 በማንቸስተር ተለይቶ ወጣ። በ2017 በታተመ ሐሳብ መሠረት፥ ክብደቱ አነስተኛ የሆነ የጨለማ ቁስ ቅንጣት ቅጠሉን ቢመታ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። በወፍራም ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኑ እየተጋጨ አቅጣጫው ይጠፋል፤ ከግራፊን ግን ሳይጋጭ ይወጣልና ምቱ ከየት እንደ መጣ ይመሰክራል። ፀሐይ በጋላክሲያችን ውስጥ ስለምትጓዝ ጨለማው ቁስ ከፊት ለፊት እንደ ነፋስ ይመጣብናል ተብሎ ይታሰባል፤ የአቅጣጫው ምስክርነት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። እስካሁን ግን ተይዞ የተረጋገጠ ቅንጣት የለም።

እነሆ፥ በክሪስታል የጀመረው ሰው ያነሣው ጥያቄ ዞሮ ወደ ክሪስታል ተመለሰ። እኛም ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ከመስመር የወጣ ቁጥር ስናገኝ ደጋግመን እንለካው፤ ከዚያም በኋላ አልስማማ ካለ አንሰርዘው።