ጂጎሮ ካኖ፤ ትግልን ትምህርት ያደረገ መምህር

በዛሬ ጊዜ በዓለም ላይ ብዙ ተመልካች ከሚስቡት ግጥሚያዎች አንዱ ጡጫውም፣ ርግጫውም፣ ትግሉም በአንድነት የተፈቀደበት ቅይጥ ፍልሚያ ነው። ለዓይን አዲስ የሆነ ሰው ነገሩ ሁሉ ጡጫ ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ የተመለከተ ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታው የሚያልቀው አንደኛው ሌላውን አቅፎ መሬት ከጣለው በኋላ መሆኑን ይረዳል። ከላይ ያለው ተጭኖ ይይዛል፣ ክንድ ይቆለምማል፣ አንገት ያንቃል፤ የተያዘውም በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያስታውቃል። ይህ ጥበብ ወደ ግጥሚያው የገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህ ዋነኛውን ይዞ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ግን የሚደርሰው ከአንድ የጃፓን ርእሰ መምህር ዘንድ ነው። ይህም ሰው ጂጎሮ ካኖ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካኖ በ1860 ዓ.ም. በኮቤ ከተማ አጠገብ ሚካጌ በተባለ መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከሩዝ የሚጠመቀውን ሳኬ የተባለ መጠጥ በማዘጋጀት የታወቀ ባለጸጋ ነበር። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተችበት አባቱ ወደ ቶኪዮ ወስዶ የውጭ ቋንቋ ከሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ በትምህርቱ ከማንም አያንስም ነበር፤ በሰውነቱ ግን ከሁሉ ያንስ ነበር። በጎለመሰ ጊዜ እንኳ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር ገደማ አላለፈም። ጉልበተኞቹ የትምህርት ቤት ጓደኞቹም እንደ ልባቸው ይመቱት ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በአዳሪ ትምህርት ቤት የኖረ ሁሉ ስለሚያውቀው እኛ ብዙ አናብራራውም።

ካኖ በጥንት ዘመን ጁጁትሱ የሚባል፣ ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት ጥበብ እንዳለ ሰማ። ዳሩ ግን የሚያስተምረው ሰው ቢፈልግ አጣ። ምክንያቱም በ1868 የተነሣው አዲስ መንግሥት አገሪቱን በአውሮፓ ሥርዓት ለማደስ ቆርጦ ስለ ነበረ፣ ሳሙራይ የተባሉት ወታደሮች ማዕረጋቸውን አጥተው፣ በ1876 ደግሞ ሰይፍ መታጠቅ ተከልክለው ነበር። የትግል መምህራንም ደንበኛ አጡ። አባቱ በበኩሉ የማይጠቅም አሮጌ ነገር ነው እያለ ይከለክለው ነበር።

በ1877 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካኖ አንድ ብልሃት አገኘ። ብዙዎቹ የጁጁትሱ ሊቃውንት ወጌሻ ሆነው እንደሚኖሩ ስለ ሰማ የቶኪዮን ወጌሾች እየዞረ መጠየቅ ያዘ። ሰው አጥንት መስበር የተማረበትን እጅ ለመጠገን ማዋሉ ያስገርማል፤ ነገር ግን ሥራው ያው የመገጣጠሚያን ጠባይ ማወቅ ነው። በመጨረሻ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከተባለ አዛውንት ዘንድ ደረሰ። ፉኩዳ የሚያስተምረው በቃል ሳይሆን በመጣል ነበር። ተማሪው እግሩ እንዴት፣ እጁ እንዴት እንደሚሆን ሲጠይቀው፣ መምህሩ መልስ በመስጠት ፈንታ ደጋግሞ ያነሣና መሬት ይጥለው ነበር። ካኖ ይህን ትምህርት በሰውነቱ ተቀበለ፤ ምክንያቱን መጠየቁን ግን አልተወም።

በዚያ ቤት ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ተማሪ ነበር፤ ካኖ ብዙ ጊዜ ቢሞክር ሊጥለው አልቻለም። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የሱሞንና የምዕራባውያንን ትግል አገላብጦ መረመረ። ከዚያም ከተቃራኒው ሥር ገብቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ የሚጥልበትን አንድ ስልት መርጦ አጠናና ፉኩሺማን በጀርባው ዘረረው። ስልቱ ዛሬ በጁዶ ካታ ጉሩማ ይባላል። ጁጁትሱን ለመማር ከወጌሻ ቤት የገባ ወጣት መልሱን ከፈረንጅ ትግል ማግኘቱን አያፍርበትም ነበር።

ፉኩዳ በ1879 ሞተ፤ ተከታዩም መምህር ብዙ አልቆየም። ካኖ ሦስተኛውን መምህሩን ኢኩቦ ጹኔቶሺን አገኘ። ከእርሱም ጋር ሲታገል የኖረው የሥራውን ሥር የያዘውን ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ሰውን ለመጣል በጉልበት መግፋት ሳይሆን አስቀድሞ ሚዛኑን ማሳጣት እንደሚያስፈልግ ነው። የገፋህን ብትስበው፣ የሳበህንም ብትገፋው በራሱ ኃይል ያዘነብላል። በሰፈራችን ሜዳ ጠልፎ የጣለ ልጅ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ካኖ ግን ሕግ አድርጎ አስተማረው።

በ1882 ዓ.ም.፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ በቶኪዮ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 የገለባ ምንጣፍ የምትይዝ ክፍል ተከራይቶ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ካኖ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አዲስ መምህር ስለ ነበረ ደመወዙ አልበቃውም፤ ተማሪዎቹን ግን ገንዘብ አላስከፈለም። የጎደለውን ሌሊት መጽሐፍ እየተረጎመ ያሟላ ነበር። ወለሉ በመውደቅ ብዛት ይሰበር ነበርና ራሱ ከሥሩ ገብቶ ይጠግነዋል፤ የቤተ መቅደሱም መነኩሴ በጩኸቱ ብዛት ተማረረ።

የካኖ ዋና ሥራ ምን እንደ ሆነ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብሎ መመልከት ይገባል። የጥንቱ ጁጁትሱ ዓይን መውጋትን፣ ጣት መስበርን የመሳሰሉ ክፉ ስልቶች ነበሩት። እነዚህን ደግሞ በባልንጀራ ላይ በሙሉ ኃይል መለማመድ አይቻልም፤ ስለዚህ ተማሪው ብዙውን ጊዜ በተጠና ቅርጽ ብቻ ይደጋግማቸው ነበር። ካኖ እንዲህ ያሉትን ለቅርጽ ልምምድ ትቶ፣ የቀሩትን ማለት መጣልን፣ መያዝን፣ ማነቅን፣ ክንድ መቆልመምን፣ ሁለት ሰዎች ሳይጎዳዱ በሙሉ ጉልበት የሚታገሉበት ልምምድ አደረጋቸው። ከሁሉ አስቀድሞም ሳይጎዱ መውደቅን አስተማረ። ጥበቡንም ጁዶ ብሎ ሰየመው። ለተመልካች ጥርሱን የወለቀ ትግል መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን የተገላቢጦሽ ነው እንላለን፤ በየቀኑ እምቢ ከሚል ሰው ጋር የታገለ፣ መርዘኛ ስልት በአየር ላይ ብቻ የደጋገመውን ይረታዋል። የዛሬው የቅይጥ ፍልሚያ ልምምድም የቆመው በዚሁ ነው።

ኮዶካን በመጣል በረታ፤ በ1880ዎቹም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር እየተጋጠመ ስሙን አስጠራ። በመሬት ላይ ትግል ግን ችግር ገጠመው። ታናቤ ማታኤሞን የተባለ የሌላ ትምህርት ቤት ሊቅ፣ ቆሞ ከመጣል ይልቅ መሬት ላይ ተኝቶ ማነቅንና መቆልመምን የለመደ ስለ ነበረ፣ የካኖን ሰዎች ያሸንፋቸው ነበር። የኮዶካን ሰዎችም ከሽንፈቱ ተምረው የመሬቱን ትግል አጠኑት። ነገሩ ከዚያ በኋላ ካኖ ካሰበው በላይ ሄደ። ከ1914 ጀምሮ በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገው ውድድር ተማሪዎቹ ቶሎ መሬት ወርደው እዚያው መታገልን መረጡ። ካኖ ይህን አልወደደውም፤ ቆሞ መጣል መቅደም አለበት ባይ ነበርና በ1925 ሕጉ ወደ መሬት መውረድን የሚገድብ ሆነ።

ነገር ግን ዘሩ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ የኮዶካን ሰው በ1904 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከዚያም በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በኩባና በሜክሲኮ እየዞረ ከቦክሰኛም ከታጋይም ጋር በገንዘብ ተጋጠመ፤ በ1914 ብራዚል ገባ። ካኖ በገንዘብ መጋጠምን የሚነቅፍ ሰው ነበር፤ ጥበቡን በዓለም የዘራለት ግን ይኸው የገንዘብ ታጋይ ነው። ማኤዳ በቤሌም ከተማ ካስተማራቸው ሰዎች አንዱ ካርሎስ ግሬሲ እንደ ነበረ የግሬሲ ቤተ ሰብ ይናገራል። ቤተ ሰቡም የመሬቱን ትግል ዋና ሥራ አድርጎ ያዘው። የካርሎስ ወንድም ሔልዮ በ1951 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከጃፓናዊው የጁዶ ጀግና ከኪሙራ ጋር ሲጋጠም ክንዱ ተቆልምሞ ተሸነፈ፤ ያ ስልት እስከ ዛሬ በአሸናፊው ስም ኪሙራ ይባላል።

የሔልዮ ልጅ ሮይስ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ በተደረገው የመጀመሪያው የዩ ኤፍ ሲ ውድድር ገባ። ክብደቱ 80 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የለበሰውም ከካኖ የልምምድ ልብስ የመጣውን ነጭ ካፖርት ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዎችን፣ ከነዚህም አንዱን ቦክሰኛ፣ ሌላውን በርግጫ የታወቀ፣ እየያዘ መሬት አውርዶ አሸነፋቸው። ከዚያ ወዲህ የመሬት ትግል ሳያውቅ ወደዚያ መድረክ የሚወጣ ፈላሚ አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ካኖ ግን ራሱን የቆጠረው ታጋይ ሳይሆን አስተማሪ ነው። ከ1893 ጀምሮ፣ በመካከሉ ቢቋረጥም፣ እስከ 1920 ድረስ የቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። በ1902 ለቻይና ተማሪዎች በከፈተው ትምህርት ቤት በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ሉ ሹን ተምሮበታል። በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ በ1912 ወደ ስቶክሆልም የወሰዳቸው የጃፓን ሯጮች ሁለት ብቻ ነበሩ። በሸመገለ ጊዜ ድካሙ ሁሉ የኦሊምፒክን ጨዋታ ወደ ቶኪዮ ለማምጣት ነበር፤ የ1940ው ጨዋታ በ1936 ለቶኪዮ ተፈቀደ። ወዲያው ግን ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት ገጠመች። ካኖ በ77 ዓመቱ ካይሮ ድረስ ሄዶ በስብሰባው ላይ የከተማውን መብት ጠበቀ፤ ሲመለስም ግንቦት 4 ቀን 1938 በመርከብ ላይ በሳንባ ምች ሞተ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መንግሥቱ ጨዋታውን አላዘጋጅም ብሎ ተወው።

ጨዋታው ቶኪዮ የገባው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ ተቆጠረ። የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 21 ቀን ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ የክብደት ገደብ የሌለው የጁዶ ፍጻሜ ተደረገ። ጃፓናዊው ካሚናጋ ከሆላንዱ ግዙፍ ከአንቶን ጌሲንክ ጋር ገጠመ። ጌሲንክ መሬት ላይ ይዞ ተጫነው፤ ካሚናጋም ሊነሣ አልቻለም። የአዳራሹ ሕዝብ ዝም አለ፤ ብዙዎችም አለቀሱ። የሆላንድ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ጌሲንክ እጁን አንሥቶ ከለከላቸው፤ ከዚያም ቆሞ ለተሸነፈው ለካሚናጋ እጅ ነሣ።