ፍሪትዝ ሃበርና የአሞኒያ የሚዛን ቋሚ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኬሚካዊ ሚዛን ቋሚን፣ ማለትም ኢኩሊብሪየም ኮንስታንትን፣ ማስላት ሲማር ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ምሳሌ አሞኒያ ነው። አንድ ሞል ናይትሮጅንና ሦስት ሞል ሃይድሮጅን ተዋሕደው ሁለት ሞል አሞኒያ ይሰጣሉ። ተማሪው የአሞኒያውን ከፊል ግፊት ካሬ ለናይትሮጅኑ ከፊል ግፊትና ለሃይድሮጅኑ ኩብ ብዜት ያካፍላል፤ ሥራውም በጥቂት ደቂቃዎች ያበቃል። ይህንኑ ቁጥር በቤተ ሙከራ ለማግኘት የተነሣው ፍሪትዝ ሃበር ግን በመጀመሪያ ያወጣው መልስ የተሳሳተ ነበር። የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠውም ይኸው ስሕተት ነው።

ሃበር እ.ኤ.አ. በ1868 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ እርሱን ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ አባቱ የማቅለሚያ ነጋዴ ነበር። በ1892 ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ገባ፤ በ1894 በካርልስሩኤ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በ1901 ክላራ ኢመርቫርን አገባ። እርሷም ከብሬስላው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

በ1904 ገደማ የአንድ የቪየና ኬሚካል ኩባንያ ባለቤቶች አሞኒያን ከንጥረ ነገሮቹ በቀጥታ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። ሃበርና ረዳቱ ጋብሪኤል ፋን ኦርት ጋዞቹን በ1020 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በተራ የአየር ግፊት በብረት ካታሊስት ላይ አሳለፉ። ወደ ሚዛኑ ከሁለቱም አቅጣጫ፣ ከአሞኒያ መፈጠርም ከመበተኑም፣ ለመድረስ ሞከሩ። ያገኙት የአሞኒያ ድርሻ ከ0.005 እስከ 0.012 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ሃበር ወደ ከፍተኛው አዘነበለ። የትኛውም ቢሆን ለኢንዱስትሪ የሚበቃ ስላልነበረ ጉዳዩን ተወው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይገባል። ጋዞቹ አንድ ለሦስት ሲቀላቀሉና አሞኒያው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ የናይትሮጅን ከፊል ግፊት የጠቅላላው ሩብ፣ የሃይድሮጅን ደግሞ ሦስት አራተኛ ሆኖ ይቀራል ለማለት ይቻላል። በዚህ ሁኔታ ቋሚው የሚለዋወጠው ከአሞኒያው ድርሻ ካሬ ጋር ነው። በ0.005 እና በ0.012 መካከል ያለው የ2.4 እጥፍ ልዩነት በቋሚው ላይ 6 እጥፍ ወደሚጠጋ ልዩነት ያድጋል። ለተማሪ የሚሰጠው ጥያቄ መጠኖቹን ያለ ስሕተት ገደብ ስለሚያቀርብ ይህ ነገር ከዓይን ይሰወራል፤ የሃበርን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰላቱ የተሻለ መልመጃ ይመስለኛል።

ቫልተር ኔርንስት በ1906 ካቀረበው የሙቀት ቴዎረም ተነሥቶ ሲያሰላ የሃበር ቁጥር ከልክ በላይ ሆኖ አገኘው። ሃበርም ከእንግሊዛዊው ረዳቱ ሮበርት ለ ሮሲኞል ጋር እንደገና ለካ፤ አዲሱ ውጤት ከበፊቱ ዝቅ ቢልም ከኔርንስት ቁጥር ጋር አልተስማማም። በ1907 ኔርንስት በሃምቡርግ በተደረገው የቡንዘን ማኅበር ጉባኤ ላይ ሥራውን በአደባባይ ነቀፈ። ሃበር በእጅጉ ተጎዳ፤ በቁጭትም ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ልኬቱን ያካሄደው በ30 አትሞስፌር ነው፤ አሞኒያው ሲበዛ የልኬት ስሕተቱ ያንሳልና። የታረመው ቁጥሩም ጸና።

ይህ ልኬት ሌላ በር ከፈተ። ግፊት በተወሰነ የሙቀት መጠን ቋሚውን አይለውጠውም፤ የአሞኒያው ድርሻ ግን፣ ጥቂት እስከሆነ ድረስ፣ ከግፊቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ለውጡ ሙቀት የሚያወጣ በመሆኑም የሙቀት መጠኑ ሲቀንስ ቋሚው ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ሃበርና ለ ሮሲኞል ግፊቱን ወደ 200 አትሞስፌር አደረሱ፣ ሙቀቱን ወደ 550 ዲግሪ ገደማ አወረዱ፣ ለካታሊስትም ኦስሚየምን መረጡ። ሐምሌ 1909 የባስፍ ኩባንያ ሰዎች ካርል ቦሽና አልቪን ሚታሽ ሊመለከቱ መጡ። መሣሪያው በመጀመሪያ አፈሰሰ፤ ቦሽ ሄደ፣ ሚታሽ ቆየ፤ ፈሳሽ አሞኒያ ሲንጠባጠብም አየ። በ1912 የፈጠራ መብቱ በላይፕሲግ ፍርድ ቤት ሲከራከሩበት ለባስፍ የመሰከረው ኔርንስት ራሱ ነበር። በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ጦርነቱ ሲመጣ ለማዳበሪያ የታሰበው አሞኒያ ወደ ናይትሪክ አሲድና ወደ ፈንጂ ተለወጠ። ሃበር ከዚህም አልፎ ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በኢፕር የተለቀቀውን የክሎሪን ጥቃት በግንባር ተገኝቶ መራ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክላራ በባሏ ሽጉጥ ራሷን ገደለች። የ1918 የኖቤል ሽልማት ለአሞኒያ ሥራው ሲሰጠው ብዙዎች ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው መሠረት የለሽ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመንን የካሳ ዕዳ በባሕር ውኃ ወርቅ ለመክፈል አስቦ ነበር። የተመካው ቀደም ባሉ ተመራማሪዎች ቁጥሮች ላይ ነው። ራሱ በጥንቃቄ ሲለካ ግን ወርቁ ከተባለው ወደ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አንሶ ተገኘ፤ ውጤቱን አሳትሞ ሥራውን አቆመ።

በ1933 የናዚ መንግሥት አይሁድ ባልደረቦቹን እንዲያባርር ሲያዝዘው ከተቋሙ ኃላፊነት ለቀቀ፤ ጥር 29 ቀን 1934 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ሞተ። በኑዛዜው መሠረት የክላራ አፅም አመድ በ1937 ወደ ባዝል ተወስዶ ከእርሱ ጋር ተቀበረ።