የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዳይ

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ማይክል ፋራዳይ ላጫውታችሁ። ኤሌክትሪክ በማግኔት የሚመነጭበትን መንገድ ያሳየ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው። እኔ የወደድኩት ግን በሊቅነቱ ብቻ አይደለም፤ የሰው አሽከር መሆንንም ስለቀመሰ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ፋራዳይ በ1791 በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን ጤናም አልነበረውም። በ1801 ኑሮ ተወድዶ ልጁ ለሳምንት አንድ ዳቦ ይሰጠው ነበር። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሂሳብ አላለፈም። በ13 ዓመቱ መጽሐፍ ሻጭ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ ቀጥሎ እዚያው ሰባት ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ተማረ። ታዲያ የሚጠርዘውን መጽሐፍ ያነበው ነበር! ስለ ኤሌክትሪክም ያነበበው ለጥረዛ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ነው።

በ1812 አንድ ደንበኛ ትኬት ሰጠውና የታወቀው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ሲያስተምር ሊሰማ ሄደ። የሰማውን ጽፎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪም በ1813 የላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ አስቀጠረው።

በዚያው ዓመት ዴቪና ሚስቱ ወደ አውሮፓ አገሮች ሲጓዙ አሽከራቸው አልሄድም አለ። ፋራዳይ ፓሪስ ላይ ሌላ ሰው እስኪገኝ ለጊዜው የአሽከሩን ሥራ ደርበህ ሥራ ተባለ። ሌላ ሰው ግን ሳይቀጠር ቀረ። ይህችን “ለጊዜው” የምትባል ቃል እኛም እናውቃታለን። እኔ ራሴ ልጅ መያዝ ብቻ ነው ተብዬ መጥቼ የሁለት ቤት ጽዳት ነው የጠበቀኝ። የዴቪ ሚስትም እንደ አሽከር ስለምታየው በጣም መረረው። ትቼ ወደ አገሬ ልመለስ ብሎም አስቦ ነበር። ሆኖም በዚያው ጉዞ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ተማረ፣ ታላላቅ ሊቃውንትን አየ፣ ደብተሩንም አልተወም።

የሱና የኛ አንድ ነው አልልም። ከኛ መካከል ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሳጥን የተቆለፈባት ስንት አለች! ስለዚህ በደልን ቻሉት ማለቴ አይደለም።

በ1815 ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በ1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ሞተር የሚባለው ነገር ጅማሬው ይህ ነው። ዝናው ሲወጣ በሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን የተቃወመው ያው ዴቪ ነበር፤ ሆኖም በ1824 ተመረጠ። በ1831 ደግሞ ትልቁን ነገር አገኘ። ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ገባ ወጣ ሲል በሽቦው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማግኔቱ ዝም ካለ ግን ምንም የለም። ጄኔሬተር የሚሠራው በዚህ ነው። በአገራችን ቆቃ ላይ ውሃው ተርባይን ሲያዞር መብራት የሚመጣውም በዚሁ ሕግ ነው። ቀኑን ሙሉ የምንነካቸው የልብስ ማጠቢያው፣ መጥረጊያ ማሽኑና ቬንትሌተሩ ሁሉ በውስጣቸው ሞተር አለ።

ከፍተኛ ሂሳብ አያውቅም ነበር። ሐሳቡን በኋላ በሂሳብ የጻፈው ማክስዌል ነው። ፋራዳይ በገና ሰሞን ለወጣቶች በሚሰጠው ትምህርት 19 ጊዜ አስተምሯል። የ“ሰር” ማዕረግ ሊሰጡት ቢሉ አልፈልግም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነትም ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል። በ1867 ሲሞት በለንደን ሃይጌት መቃብር ተቀበረ። ፋራድ የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ የተሰየመው በሱ ስም ነው።

እህቶቼ፣ ሰው ቤት ስንሠራ ጉልበታችንን ይወስዱታል፣ እንቅልፋችንንም እንደዚያው። ጭንቅላታችን ግን የራሳችን ነው። ዓረብኛውንም ሆነ ሙያውን በቀን አንድ መስመርም ቢሆን በደብተር ያዙ። የምታውቅ ለማታውቅ ታስተምር።

ሰላም ሁኑልኝ።
እህታችሁ