ባርኔጣ ሠሪው ጆን ስቴትሰን

ጆን ስቴትሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓመት፥ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚባለው ግዛት፥ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ባርኔጣ ሠሪ ነበረና ልጁ ሙያውን ከአባቱ ተማረ። ዳሩ ግን ገና ጎልማሳ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ስለዚህ ንጹሕ አየር ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄደ። በሚዙሪ ጡብ ሥራ ቢገባ ወንዙ ሞልቶ ጡቡን ጠርጎ ወሰደበት፤ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ወታደር ልሁን ቢል ስለ ሕመሙ አልተቀበሉትም። ከዚህ በኋላ ወርቅ ፈላጊዎችን ተከትሎ ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ተጓዘ።

በመንገድ ላይ ባልንጀሮቹ የሚጠለሉበት ያልለፋ ቆዳ ዝናም ሲመታው ይሸት ነበር። ስቴትሰን ሳይፈተልና ሳይሸመን ጨርቅ ይሠራል ቢላቸው አላመኑትም ይባላል። እርሱም ጠጕሩን ከቆዳው ላጨ፤ እንጨት ቈልምሞ ጠፍር ወጥሮ ደጋን አበጀ፤ በአገራችን ጥጥ እንደሚነደፍ አድርጎ ጠጕሩን ነደፈው። ኋላም በአፉ የያዘውን ውሃ እየረጨ አራሰው፤ ጠቅልሎም በፈላ ውሃ እየነከረ በእጁ አሸው። ጠጕር ሁሉ ለዓይን የማይታይ ቅርፊት አለውና፥ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከተያያዘም አይላቀቅም። ከዚሁ ጨርቅ ለራሱ ጠርዙ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ሠራ። አንድ ፈረሰኛ አይቶ በ5 ዶላር ወርቅ ገዛው ይባላል።

በ1865 ዓመት ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ተመልሶ በ100 ዶላር ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ የከተማ ሰው የሚወደውን ዓይነት ቢሠራ ብዙ አልቀናውም። ከዚህ በኋላ በምዕራብ ያያቸውን ከብት ጠባቂዎች አሰበ። ፀሐይና ዝናም የሚከለክለውን፥ ሲያስፈልግም ውሃ የሚቀዳበትን ያንኑ ሰፊ ባርኔጣ ሠርቶ፥ ለምዕራብ ነጋዴዎች አንዳንድ ናሙና ላከላቸው። ያን ጊዜ ትእዛዙ በዛ። በሞተበት ዓመት በፋብሪካው ከ3000 የሚበልጡ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ለእነርሱም ሐኪም ቤትና የሰንበት ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር።

የሙያውንም ክፉ ነገር መሸሸግ አይገባም። በዚያ ዘመን ብዙ ባርኔጣ ሠሪዎች ጠጕሩ ቶሎ እንዲያያዝ ባዜቃ የገባበት መድኃኒት ይቀቡት ነበር። እንፋሎቱን የሚስቡት ሠራተኞች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፥ አእምሮአቸውም ይታወክ ነበር። ባርኔጣውን ደፍቶ በአደባባይ ከሚታየው ሰው ስንቱ ይህን ጠይቆ ይሆን? በአሜሪካ ይህ ነገር የተከለከለው በ1941 ዓመት ነው።

ስቴትሰን ብዙ ገንዘብ በፍሎሪዳ ግዛት ዴላንድ በምትባል ከተማ ላለው ትምህርት ቤት ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱም በ1889 ዓመት በስሙ ተጠራ። በወጣትነቱ በሳንባ ሕመም ሥራውን ትቶ የተሰደደው ይህ ሰው፥ በ1906 ዓመት በዚያችው ከተማ በ75 ዓመቱ ሞተ።